ከዲግሪው እስከ ፈቃዱ፦ በሐዋሳ የሕግ ተመራቂዎች የሥራ ነገር

በየዓመቱ የምረቃው ወቅት አልፎ ጥቂት ሳምንታት እንደተቆጠሩ ወደ ጥብቅና ቢሮዬ የሚመጡ የሥራ ማመልከቻዎች ይበዛሉ። አብዛኞቹ አመልካቾች ከዚሁ ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የወጡ ወጣቶች ናቸው፤ ከዲላ፣ ከወላይታ ሶዶና ከአርባ ምንጭ የሚመጡም አሉ። የትምህርት ማስረጃቸውን በክላሰር ይዘው ደረጃውን ወጥተው ሲገቡ፣ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «ዜሮ ዓመት ትቀበላላችሁ?» ይላሉ፤ የሥራ ልምድ የሌለው ማለታቸው ነው። አምስት ዓመት ሕግ ተምሮ፣ የመውጫ ፈተናውን አልፎ የመጣ ሰው ራሱን «ዜሮ ዓመት» ብሎ ሲያስተዋውቅ መስማት አሁንም ያሳዝነኛል።

እነዚህን ወጣቶች በየዓመቱ ስቀበል፣ ስፈትን፣ አንዳንዶቹን ስቀጥር፣ አብዛኞቹን ደግሞ ስመልስ ቆይቻለሁ፤ ከዚህ በመነሣት የደረስኩበትን መደምደሚያ በግልጽ ላስቀምጥ። በከተማችን የሕግ ተመራቂ ሥራ የሚያጣው ሕግ ስለማያውቅ አይደለም፤ የተመራቂው ቁጥር ስለበዛ ብቻም አይደለም። ከዲግሪው እስከ ጥብቅና ፈቃዱ ወይም እስከ መጀመሪያው ቋሚ ቅጥር ድረስ ያለውን ጊዜ «ይህ የእኔ ኃላፊነት ነው» የሚል አካል ስለሌለ ነው። ዩኒቨርሲቲው አስመርቄአለሁ ይላል፤ ቀጣሪው የሠለጠነ ሰው አምጡልኝ ይላል፤ ፈቃድ ሰጪው ልምድህን አሳየኝ ይላል። ወጣቱ በሦስቱ መካከል ይቀራል።

ልምድ የመጠየቁን መርሕ እኔ አልቃወምም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 199 በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ለመቆም ባለዲግሪው የሁለት ዓመት ልምድ፣ በሁሉም የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለመቆም ደግሞ የአምስት ዓመት ልምድ እንዲኖረው ይጠይቅ ነበር። አዋጁ ኋላ በሌላ ቢተካም ከመርሑ በስተጀርባ ያለው ምክንያት አልተለወጠም። የሰው ቤት፣ የሰው ልጅ አስተዳደግ፣ የሰው ነጻነት በእጁ የሚገባ ባለሙያ በደንበኛው ጉዳይ ላይ መለማመድ የለበትም። ጥያቄው ልምዱ ከየት ይምጣ የሚለው ነው። ሐኪም ከመመረቁ በፊት ሆስፒታል ውስጥ በኃላፊ ሐኪም ሥር የሚሠራበት፣ ዘመኑና ተግባሩ የታወቀ ጊዜ አለው። ሕግ ላይ ግን ልምድ ማግኘት በአመዛኙ ለተመራቂው ዕድልና ለዘመዶቹ ትውውቅ የተተወ ነው።

በሐዋሳ ይህ ችግር ከሌሎች ከተሞች የተለየ መልክ አለው፤ ስለዚህ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ከተማዋ ለረጅም ጊዜ የቀድሞው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ነበረች። የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የፍትሕ ቢሮው፣ የገቢዎችና የመሬት መሥሪያ ቤቶቹ ሁሉ እዚህ ነበሩ፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋም አማርኛ ነበር። አንድ የሕግ ተመራቂ ከከተማዋ ሳይወጣ በእግሩ እየዞረ ማመልከቻ የሚያስገባባቸው በርካታ መሥሪያ ቤቶች ነበሩት። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የሲዳማ ክልል ተመሠረተ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የቀረው ደቡብ ክልል ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ እና ወደ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ሲከፈል፣ በሐዋሳ የነበሩት የክልል ቢሮዎች ዕቃቸውንና ሠራተኞቻቸውን ይዘው ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ ሆሳዕና እና ወደ ሌሎች ከተሞች ሄዱ። የዚህን ለውጥ ፖለቲካ ለሌሎች እተዋለሁ። ለሕግ ተመራቂው ያስከተለው ግን ግልጽ ነው፤ ቀድሞ በአንድ ከተማ የነበረው የመንግሥት የሥራ ገበያ ተበትኗል፤ በከተማችን የቀረው ደግሞ የሲዳማ ክልልን የሥራ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።

ቋንቋውን በተመለከተ ተማሪዎች ገና በመጀመሪያው ዓመት ሊሰሙት የሚገባ ነገር አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 መሠረት አማርኛ የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ ሲሆን ክልሎች የየራሳቸውን ይወስናሉ። በሐዋሳ በሚገኝ የክልል ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ለመሥራት ሲዳምኛ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ሻሸመኔ ለመሥራት ደግሞ ኦሮምኛ ያስፈልጋል። ከሌላ አካባቢ ተመድቦ መጥቶ አምስት ዓመት በሐዋሳ የኖረ ተማሪ ከመኝታ ክፍል ጓደኞቹ አንዱን ቋንቋ ቢማር፣ ሲመረቅ በእጁ የሚኖረው ዕድል እጥፍ ይሆናል። ይህን ያደረገ ወጣት በቅርብ አውቃለሁ፤ ውጤቱ ከክፍሉ መካከለኛ ነበር፤ ከጓደኞቹ ሁሉ ቀድሞ የተቀጠረው ግን እሱ ነው።

አሁን ወደ ዝግጁነቱ ልምጣ፤ ብዙ የምለው በዚህ ላይ ነው። አመልካቾችን በቃል ጥያቄ መፈተን ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ በቃል ሁሉም ጎበዝ ናቸው። በዚያ ፋንታ አንድ ፋይል እሰጣቸዋለሁ። በፋይሉ ውስጥ የ180,000 ብር የብድር ውል፣ «ተበዳሪው ባይከፍል እኔ እከፍላለሁ» ብሎ ከሥር የፈረመ ዋስ፣ በከፊል የተከፈለበትን የሚያሳይ የባንክ ደረሰኝ፣ እንዲሁም አበዳሪው በእጅ ጽሑፍ ያዘጋጀው ታሪክ አለ። የአበዳሪው ታሪክ ረጅም ነው፤ ስለ ዝምድና፣ ስለ ሰርግ፣ ስለ ተሰበረ ቃል ያወራል። ከዚያ «የክስ አቤቱታ አዘጋጁልኝ» እላለሁ፤ ግማሽ ቀን እሰጣለሁ።

ውጤቱ ከዓመት ዓመት ይመሳሰላል። አመልካቹ የመጀመሪያውን ገጽ ውል በተዋዋዮች መካከል ሕግ ነው በሚለው መርሕ ላይ ያጠፋል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 1731 በትክክል ይጠቅሳል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ መረጋገጥ እንዳለበት የሚደነግገውን አንቀጽ 2472ንም ያስታውሳል። ሕጉን በሚገባ ያውቃል። ነገር ግን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ በአንቀጽ 222 የዘረዘራቸውን ነገሮች በጽሑፉ ውስጥ ስፈልግ፣ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን የማየት ሥልጣን ለምን እንዳለው አልተጻፈም፤ የተከሳሹ አድራሻ የለም፤ የተከፈለው ገንዘብ ከዋናው ዕዳ አልተቀነሰም፤ ወለዱ ከመቼ ጀምሮ በስንት እንደሚታሰብ አልተገለጸም። ከሁሉ የሚብሰው ግን በመጨረሻ «ፍርድ ቤቱ ተገቢውን ፍርድ እንዲሰጥልን» ተብሎ ይዘጋል። ዳኛው ምን ያህል ገንዘብ፣ በማን ላይ፣ በአንድነት ይሁን በተናጠል እንዲፈርድ እንደተጠየቀ አያውቅም። በአንቀጽ 223 መሠረት ከአቤቱታው ጋር መያያዝ ያለበት የማስረጃ ዝርዝር፣ ምስክሮቹም ምን እንደሚያስረዱ የሚገልጸው ክፍል፣ ከቀረቡልኝ ጽሑፎች በአብዛኞቹ ላይ የለም።

አንድ ጊዜ አንዲት ተመራቂ ይህንኑ ፋይል ከወሰደች በኋላ ሳትጽፍ ረጅም ሰዓት ስታነብ ቆየች፤ ከዚያ ወደ እኔ መጥታ «የዋስትናው ከፍተኛ መጠን አልተጠቀሰም፤ በአንቀጽ 1922 መሠረት ዋስትናው ዋጋ ላይኖረው ይችላል፤ ዋሱን ብንከስ ደንበኛችን ለኪሳራ ሊዳረግ ስለሚችል መጀመሪያ እሱን ልናማክረው ይገባል» አለችኝ። የጻፈችው አቤቱታ ከሌሎቹ ያጠረ ነበር፤ የአማርኛ ፊደል አተያየቧም ዘገምተኛ ነበር። በማግሥቱ ሥራ ጀመረች። የፈለግሁት ይህንኑ ነው፤ ከሕጉ ተነሥቶ ወደ ወረቀቱ ሳይሆን ከወረቀቱ ተነሥቶ ወደ ሕጉ የሚሄድ፣ ከዚያም ደንበኛውን የሚያስብ ሰው። ይህን ችሎታ ከየት እንዳገኘችው ስጠይቃት በዩኒቨርሲቲው የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ከአንድ ዓመት በላይ እንዳገለገለች ነገረችኝ።

በእኔ እምነት ከሁሉ የተሻለው ትምህርት ቤት ይህ የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ነው። እዚያ የሚመጣው ባለጉዳይ የተደራጀ ፋይል ይዞ አይመጣም። አንዲት እናት የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የውሃ ክፍያ ደረሰኝና የልጅ የልደት ካርድ በአንድ ፌስታል ይዘው ይመጣሉ፤ ታሪኩን የሚጀምሩት ከመጨረሻው ወይም ከመካከሉ ነው። ተማሪው «እማማ፣ ቀስ ብለው ይንገሩኝ፤ ይህ ወረቀት መቼ ደረሰዎት?» ብሎ ወረቀቶቹን በየቀናቸው ቅደም ተከተል ጠረጴዛ ላይ መደርደር አለበት። መጥሪያው የደረሰበትን ቀን ካላወቀ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ማለፍ አለማለፉን አያውቅም፤ ፍርድ የተሰጠበትን ቀን ካላወቀ የ60 ቀኑ የይግባኝ ጊዜ ስንት እንደቀረው አያውቅም። ይህን በየሳምንቱ ሲሠራ የከረመ ተማሪና በንባብ ክፍል ብቻ የከረመ ተማሪ ቢሮ ሲገቡ ልዩነታቸው በአንድ ቀን ውስጥ ይታያል። ችግሩ በማዕከላቱ የሚያገለግሉት ከጠቅላላው ተማሪ ጥቂቶች መሆናቸው ነው።

በ1998 ዓ.ም. የተደረገው የሕግ ትምህርት ማሻሻያ ይህን ክፍተት ለመሙላት ጥሩ ነገሮችን ይዞ መጥቶ ነበር። የምስለ ችሎት (የልምምድ ክርክር)፣ የክሊኒክ ትምህርት (ተማሪው እውነተኛ ባለጉዳይን እየረዳ የሚማርበት) እና ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በፍርድ ቤት ወይም በሌላ የፍትሕ ተቋም መሥራት በሥርዓተ ትምህርቱ ገቡ። በወረቀት ላይ ያለው ሐሳብ ዛሬም ትክክለኛ ነው። አፈጻጸሙ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ተማሪው የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ አንድ ተቋም ይሄዳል፤ የሚቀመጥበት ወንበር የለም፤ ኃላፊው ሥራ በዝቶበታል፤ ተማሪው ለጥቂት ቀናት ከችሎት ኋላ ተቀምጦ ቀጠሮ ሲሰጥ ያያል፤ በመጨረሻ የግምገማ ቅጹ ላይ ከፍተኛ ነጥብ ተሞልቶ ማኅተም ይደረግለታል። ከተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች የመጡ ልጆች ይህንኑ ታሪክ ነግረውኛል። ለተማሪው አዳዲስ መዝገብ መስጠት አስቸጋሪ ከሆነ፣ ውሳኔ ያገኙ የተዘጉ መዝገቦችን ከአቤቱታው እስከ አፈጻጸሙ ድረስ እንዲያነብና እያንዳንዱን ትእዛዝ ለምን እንደተሰጠ እንዲጽፍ ማድረግ ምንም በጀት አይጠይቅም። አንድን መዝገብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ መቼ እንደሚነሣ፣ ጭብጥ እንዴት እንደሚመሠረት፣ ዳኛ ምስክርን ለምን እንደሚያቋርጥ ያያል።

ስለ መውጫ ፈተናም ልናገር። በሕግ ትምህርት ፈተናው ከሌሎች የትምህርት ዘርፎች ዓመታት ቀድሞ ነው የተጀመረው፤ በ2015 ዓ.ም. ለሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ሆነ። ፈተናው መኖሩ ጥሩ ነው፤ ዝቅተኛውን የእውቀት መጠን ያስጠብቃል። ይሁንና ምርጫ መርጦ የሚመለስና በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ፈተና ማርቀቅን ሊለካ አይችልም። ተማሪዎችም በመጨረሻው ዓመት ጉልበታቸውን ሁሉ ወደዚህ ፈተና ያዞራሉ፤ በማስታወሻና ባለፉት ዓመታት ጥያቄዎች ይከበባሉ፤ ቢሮ ገብተው የሚጠየቁት ግን በአማርኛ ወይም በክልሉ ቋንቋ የተጻፈ፣ ዳኛ በአንድ ንባብ የሚረዳው አቤቱታ ነው። በኮምፒውተር ላይ አማርኛ መጻፍ እንኳ ለብዙዎቹ አዲስ ነው፤ በስልካቸው በፍጥነት የሚጽፉ ልጆች ፓወር ግእዝ የተባለው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፊት ሲቀመጡ አንድ ገጽ ለመጨረስ ቀኑ ይመሻል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን አብዛኛው የሕግ ቢሮ ጀማሪን መጀመሪያ የሚያሠራው በጽሑፍ ሥራ ላይ ስለሆነ ትንሽ አይደለም።

ሥራ ሲባል ዳኝነት፣ ዐቃቤ ሕግነትና ጥብቅና ብቻ የሚመስላቸውም ብዙ ናቸው። ሐዋሳ ግን የኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት ከተማ ናት፤ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የከተማዋ ትልቅ የሕግ ሥራ ሆኗል። በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ምርትን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከማስገባት ዕድል ስትወጣና አንዳንድ ኩባንያዎች ሥራቸውን ሲቀንሱ ወይም ሲያቆሙ የስንብት ጉዳዮች ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚፈልጉ አይተናል። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ አሠሪው ያለማስጠንቀቂያ የሚያሰናብትበትን ምክንያት ካወቀ በኋላ በ30 የሥራ ቀናት ውስጥ እርምጃ ካልወሰደ መብቱን ያጣል፤ ሠራተኛውም ወደ ሥራ ለመመለስ የሚያቀርበው ክስ በሦስት ወር ይታገዳል። እነዚህን ቀኖች በግድግዳው ላይ ለጥፎ የሚሠራ፣ የማስጠንቀቂያና የስንብት ደብዳቤ በትክክል የሚጽፍ ጀማሪ ለማንኛውም ፋብሪካ የሰው ኃይል አስተዳደር ጠቃሚ ነው። ሕጉን የሚያውቅ የሠራተኛ ማኅበርም ከዚህ ያላነሰ ይፈልገዋል። ባንኮችም እንዲሁ ናቸው፤ በ1990 ዓ.ም. ከወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ጀምሮ ባንክ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ክስ መሸጥ ስለሚችል፣ የ30 ቀኑ ማስጠንቀቂያ በትክክል መጻፉና መድረሱ የነገረ ፈጁ ዋና ሥራ ነው። ለእነዚህ ቦታዎች የሚያመለክት ተመራቂ አዋጁን አንብቦ፣ ናሙና ደብዳቤ ይዞ ቢቀርብ ከሌሎች መቶ አመልካቾች ይለያል።

ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው የሥራ ባልደረቦቼን የሚመለከት ነው። በከተማችን ያሉ አንዳንድ የጥብቅና ቢሮዎች ተመራቂን «ልምድ እንሰጥሃለን» ብለው ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ያለ ደመወዝ ያሠራሉ። ልጁ ፎቶ ኮፒ ያደርጋል፤ ከሬጅስትራር መዝገብ ያስመጣል፤ ቀጠሮ ጠይቆ ይመጣል፤ የትራንስፖርቱን የሚከፍሉት ግን ወላጆቹ ናቸው። ከወላይታ ወይም ከጌዴኦ ገጠር የመጣ፣ ቤት ተከራይቶ መኖር ያለበት ልጅ ይህን ሊያደርግ አይችልም፤ ስለዚህ ሙያው ቀስ በቀስ ሐዋሳ ላይ የወላጅ ቤት ላለው ብቻ ክፍት ይሆናል። ከዚህም የከፋው፣ አንድ ቀን እንኳ ያልሠራን ሰው የሁለት ዓመት ልምድ እንዳለው አድርጎ ደብዳቤ መጻፍ ነው። እንዲህ ያለ ደብዳቤ እንድጽፍ ተጠይቄ አውቃለሁ፤ የጠየቁኝም ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ በር የተዘጋባቸው ወላጆች ነበሩ። ነገር ግን በሐሰት ደብዳቤ ሙያውን የጀመረ ጠበቃ በፍርድ ቤት ፊት እውነትን ለማስረዳት ሲቆም ምን ይዞ ይቆማል? ለወላጆቹ እምቢ ማለት ከባድ ነበር፤ እምቢ ማለት ግን ይገባል።

ከዚህ አዙሪት ለመውጣት የሚያስችል መሠረት በሕግ ተጥሏል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ጠበቆች በድርጅት መልክ ተደራጅተው እንዲሠሩ ፈቅዷል፤ የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርንም በሕግ አቋቁሟል። ቀድሞ እያንዳንዱ ጠበቃ ለብቻው ይሠራ ስለነበር ጀማሪን ለሁለት ዓመት ከፍሎ ማሠልጠን ለአንድ ሰው ገቢ ከባድ ነበር። አምስት ወይም ስድስት ጠበቆች በአንድ ድርጅት ሲሰባሰቡ ግን ሁለት ጀማሪዎችን በተመጣጣኝ ደመወዝ መያዝ ይችላሉ። ማኅበሩና የክልል ፍትሕ ቢሮዎች ደግሞ የሥልጠና ጊዜው ምን ምን ሥራዎችን ማካተት እንዳለበት በመመሪያ ቢወስኑ፣ ለምሳሌ ጀማሪው በኃላፊ ጠበቃ ሥር ምን ያህል አቤቱታ፣ መልስና ይግባኝ ማርቀቅ እንዳለበት፣ በስንት ችሎት መገኘት እንዳለበት መዝግቦ የሚያቀርብበት ደብተር ቢኖር፣ የልምድ ደብዳቤ ከማኅተም ያለፈ ትርጉም ይኖረዋል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 ጠበቃ ለማቆም አቅም የሌለውና ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ እንዲያገኝ ደንግጓል፤ የተከላካይ ጠበቆች ቁጥር ግን ከፍላጎቱ ጋር አይመጣጠንም። በተከላካይ ጠበቆች ሥር ፋይል የሚያዘጋጁ፣ እስረኛ የሚያነጋግሩ ደመወዝተኛ ጀማሪዎች ቢመደቡ ወጣቱም ተከሳሹም ይጠቀማሉ።

እኔና ጥቂት ባልደረቦቼ ይህን እስኪወሰን አልጠበቅንም፤ በመካከላችን ተስማምተን ጀማሪዎችን በደመወዝ መቀበል ጀምረናል፤ ቁጥራቸው ትንሽ ነው። ሌሎች ቢሮዎችም እንዲያስቡበት እጠይቃለሁ።

ዘንድሮ ለምታመለክቱ ልጆች፦ ከትምህርት ማስረጃችሁ ጋር አንድ ራሳችሁ ያረቀቃችሁትን የክስ አቤቱታና ለዚያው ክስ የሚሰጠውን የመከላከያ መልስ አያይዙ። ጉዳዩ የእውነተኛ ሰው ከሆነ ስሙንና አድራሻውን ሰርዙ፤ የሰው ምስጢር የሚጠብቅ መሆናችሁን የማየው ከዚያ ጀምሬ ነው። አቤቱታው ከሦስት ገጽ አይብለጥ፤ የምትጠይቁት ዳኝነት በቁጥር ይቀመጥ፤ የማስረጃ ዝርዝሩ አይረሳ። የድጋፍ ደብዳቤ ከማንም ማምጣት አያስፈልግም።